ራፕ፣ ዋስትና እና የአባቴ ወረቀት

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ኮምቦልቻ፣ እህቴ ቤት። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። የእህቴ ልጅ ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጠና ቢቱን ከፈተ። «አጎቴ፣ አንድ ቨርስ ላሰማህ። ስለ አንተ ሥራ ነው» አለኝ።

ልጁ ሃያ ዓመቱ ነው። ቀን ጋራዥ ይሠራል፣ ማታ ራፕ ይጽፋል። ድምፁ ጥሩ ነው፣ ቃላት ሲመርጥም አይቸኩልም። ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ጀመረ፤

«ዋስ ምስክር ነው እንጂ ባለዕዳ አይደለም፣
ፈርሜ ወጣሁ እንጂ የበላሁት የለም።»

እህቴ አጨበጨበች። ጎረቤቶቹም «እሰይ!» አሉ። ስንኙ እውነትም ያምራል። ምቱ አይሰበርም፣ «የበላሁት የለም» የምትለዋ ደግሞ ጆሮ ውስጥ ትቀራለች። እኔ ግን ስኒዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስህተት ነው። ስህተቱ ደግሞ ቤታችንን አንድ ጊዜ ያራቆተው ስህተት ነው።

ደሴ ውስጥ ባንክ ነው የምሠራው፣ ብድር ክፍል። አስራ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ዋስ ሆነው የመጡ ብዙ ሰዎች ፊቴ ተቀምጠው ፈርመዋል። አብዛኞቹ ወረቀቱን አያነቡትም። ተበዳሪው ወንድም ነው፣ አማች ነው፣ አበልጅ ነው። እሱ እያየህ ማንበብ እሱን እንደ መጠርጠር ይቆጠራል። «የት ጋ ነው የምፈርመው?» ይሉኛል። እኔም ጣቴን አንድ ሐረግ ላይ አሳርፍና ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ «በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ነኝ»። ከዚያ አስረዳለሁ። ይህ ማለት ተበዳሪው ባይከፍል ባንኩ እሱን ሳይጠይቅ መጀመሪያ እርስዎን መክሰስ ይችላል ማለት ነው፣ እላለሁ። አንዳንዱ ብዕሩን ያስቀምጣል። አብዛኛው ግን «አይ፣ እሱማ ይከፍላል» ብሎ ይፈርማል።

የፍትሐ ብሔር ህጋችን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ዓይነት ዋስ ያውቃል። ተራ ዋስ ሲከሰስ «መጀመሪያ የተበዳሪውን ንብረት ፈልጉ» የማለት መብት አለው። በአንድነትና በነጠላ የፈረመ ዋስ ግን ይህ መብት የለውም። አበዳሪው ተበዳሪውን ትቶ ቀድሞ እሱ ቤት ሊመጣበት ይችላል። ከፍሎ ሲጨርስ ተበዳሪውን መልሶ መጠየቅ ይችላል፣ ያ በህግ የተጻፈ መብቱ ነው። ያኔ ግን ብዙ ጊዜ ተበዳሪው እጅ ላይ ምንም የለም። ምስክር ያየውን ተናግሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዋስ አይሄድም።

ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት። ቅር አለው። ከዚያ ስልኩን አነሳና «ጄይ ዚም እኮ ተሳስቷል፤ ግን ሌጀንድ ነው» አለኝ። ደነገጥኩ። ስለ አሜሪካዊው ራፐር እኔ ያላነበብኩትን ነገር አንብቦ ነበር። እቤት ገብቼ እኔም አነበብኩት፤ ልጁ ትክክል ነው።

ጄይ ዚ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው አልበም ላይ «ናይንቲ ናይን ፕሮብለምስ» የሚል ዘፈን አለ። ሁለተኛው ቨርስ የ1994 ታሪክ ነው። ሾፌሩን ፖሊስ ያስቆመዋል፣ መኪናውን ልፈትሽ ይለዋል። ሾፌሩም የዳሽቦርዱ መሳቢያ ተቆልፏል፣ የኋላው ዕቃ መጫኛም ተቆልፏል፣ መብቴን አውቃለሁ፣ የፍርድ ቤት ማዘዣ ያስፈልግሃል ብሎ ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኬሌብ ሜሰን የተባሉ የህግ መምህር ይህን አንድ ቨርስ መስመር በመስመር ተንትነው በአንድ የህግ መጽሔት ላይ አወጡ። መልሳቸው ቁርጥ ያለ ነው። ስለ ማዘዣው የተባለው ስህተት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ መኪና እንደ ቤት አይደለም ብሏል። መኪና ተንቀሳቃሽ ነው፣ ማዘዣ እስኪመጣ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ፖሊስ በቂ ምክንያት ካለው ያለማዘዣ መፈተሽ ይችላል። መሳቢያው መቆለፉ ይህን አይለውጠውም።

ግን ቨርሱ ትክክል የሆነበት ቦታም አለ፣ እሱ ነው እኔን የያዘኝ። ሾፌሩ «ፈትሽ» አላለም። በቂ ምክንያት የሌለው ፖሊስ ፊት ትልቁ ጋሻ ፈቃድ አለመስጠት ነው። ፖሊሱም በመጨረሻ አነፍናፊ ውሻ እስኪመጣ እንጠብቅ ወደ ማለት ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለትራፊክ ጥፋት የቆመን ሰው ያለ ሌላ ጥርጣሬ ውሻ እስኪመጣ ማቆየት አይቻልም ብሎ ወሰነ። ራፐሩ የህጉን ምክንያት ስቷል፣ በሁኔታው ውስጥ ማድረግ የሚገባውን ግን አልሳተም። በዚያ መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ የቆመ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ።

ችግሩ የሚመጣው የእኛ ልጅ ይህን ዘፈን ደሴ ፒያሳ ላይ ባጃጅ ውስጥ ሰምቶ ህግ እንደተማረ ሲያስብ ነው። የእኛ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ህግ የ1954 ዓ.ም. ነው። ማዘዣን መሠረት ያደርጋል፣ ግን ያለ ማዘዣ መፈተሽ የሚቻልባቸውን ሁኔታዎችም ያስቀምጣል። ለአንድ ወጣት ከማዘዣው ይልቅ ቢያውቀው የምመርጠው ሌላ ነው፤ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት የሚለውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 19። ይህን የሚል ራፕ እስካሁን አልሰማሁም። ቢኖር ሰው ሁሉ ቢሸመድደው ደስ ይለኛል።

ስለ ገንዘብ ያለው ነገር ደግሞ የባሰ ያሳስበኛል። ያው ጄይ ዚ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሌላ ዘፈን ኒውዮርክ ዳምቦ የሚባል ሰፈር ውስጥ በ2 ሚሊዮን ዶላር ሊገዛው ይችል የነበረ ሕንፃ ዛሬ 25 ሚሊዮን ያወጣል ይላል። በ1 ሚሊዮን የገዛው ሥዕልም መጀመሪያ 2፣ ከዚያ 8 ሚሊዮን ደረሰ ይላል። ሐሳቡ ትክክል ነው። ገንዘብን ለታይታ ከመበተን ዋጋው የሚያድግ ነገር ላይ ማሳረፍ ይሻላል። ይህን ለሚሊዮኖች በአንድ ዘፈን ማስተማር ትልቅ ነገር ነው፣ ከልቤ አከብረዋለሁ። ግን 8 ሚሊዮን ያለው ሥዕል ካልተሸጠ 8 ሚሊዮን ብር ወይም ዶላር ኪስ ውስጥ የለም። ሕንፃው ሃያ ዓመት ግብር፣ ጥገናና ኢንሹራንስ በልቷል። በብድር ከተገዛም ወለዱ አለ። ዋጋው ከፍ ሲል የታየውን እንጂ ከፍ ሳይል የቀረውን ሕንፃ ማንም አይዘፍነውም።

እኛ ጋ ሲመጣ ደግሞ መሠረቱ ራሱ ይለያል። መሬት እዚህ አይሸጥም፣ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ደሴ ላይ «ቦታ ገዛሁ» የሚል ልጅ የገዛው ቤቱን፣ ወይም የሊዝ መብቱን ነው። ሊዙ ዘመን አለው፣ ቀሪ ክፍያ አለው፣ ግንባታ የሚጀመርበት ቀን አለው። ይህን ሳያይ ቀብድ የከፈለ ሰው ቢሮዬ መጥቶ ሲያለቅስ አይቻለሁ። «ቢልዲንግ ግዛ» የሚል መስመር ብሩክሊን ላይ ምክር ነው፣ ደሴ፣ ጦሳ ሥር ግን ሌላ አንድ ስንኝ ይጎድለዋል።

ወደ ልጁ ቨርስ ልመለስ። ሁለተኛው ክፍል እንዲህ ይላል፤

«ደረቅ ቼክ ቆርጬ ደረቴን ነፍቼ፣
በዕዳ አልታሰርም አውቃለሁ አጥንቼ።»

ግማሹ እውነት ነው። ገንዘብ ተበድሮ መክፈል ማቃት በራሱ ወንጀል አይደለም። ደረቅ ቼክ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ህግ በአንቀጽ 693 ሂሳቡ ውስጥ የሚያዝበት ገንዘብ ሳይኖር ቼክ ማውጣትን ወንጀል አድርጎታል፣ ያሳስራል። ነጋዴዎች ይህን ስለሚያውቁ ነው ለብድር መያዣ ቼክ የሚቀበሉት። ቀኑ ሲደርስ ገንዘብ ከሌለ የፍትሐ ብሔሩ ዕዳ የወንጀል ፋይል ይሆናል። ኮምቦልቻ ውስጥ ይህን ሳያውቁ የቼክ ወረቀት ፈርመው የሰጡ ሰዎችን በስም አውቃለሁ።

«እኔ ግን ቼክ አልቆረጥኩም እኮ፣ ግጥም ነው» አለኝ ልጁ። «በግጥም ‹ቆረጥኩ› ስላልኩ ይከሱኛል?» ጥያቄው ቀልድ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ራፐሮች ግጥማቸው ፍርድ ቤት ቀርቦባቸዋል። የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ግጥሙ ከተከሰሰበት ድርጊት ጋር ጠንካራ ትስስር ከሌለው ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብ ወሰነ። ካሊፎርኒያም በ2022 ፍርድ ቤቶች በዚህ ጉዳይ እንዲጠነቀቁ ህግ አወጣች። እኛ ወሎዬዎች ለዚህ ማስረጃ አያስፈልገንም። አምባሰልን ሲያንጎራጉር «ሞቻለሁ» ያለውን አዝማሪ ማን ቀበረው? በግጥም ውስጥ ያለው «እኔ» የሁላችንም እኔ ነው። ስለዚህ ልጁን የመከርኩት ለራሱ ፈርቼ አይደለም። ግጥሙን ሰምቶ ቼክ የሚቆርጠው ሌላ ልጅ ነው ያሳሰበኝ።

ሦስተኛው ላይ «ወለድ በሉት ትርፍ፣ ሁለቱም አንድ ነው» የሚል ነበረው። እህቴ ከኔ ቀድማ ተቆጣች። ወሎ ውስጥ ይህ ተራ የቃል ጉዳይ አይደለም። አንድ ቤት ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይኖራል፣ ግማሹ ቤተሰብ ወለድ አይነካም። እኔ ጋ መጥተው «ብሩን አስቀምጡልኝ፣ ወለዱን ግን አልፈልግም» የሚሉ እናቶች ብዙ ነበሩ። ዛሬ ከወለድ ነጻ መስኮት በየባንኩ አለ። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ሆኖ የመጀመሪያው ዘምዘም ባንክም በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ሙራባሃ በሚባለው ከወለድ ነጻ አሠራር ባንኩ ገንዘብ አያበድርም። ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን ቁልጭ አድርጎ ነግሮ፣ በጊዜ ክፍያ ይሸጣል። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ ቀኑ ስለገፋ አያድግም። ወለድ ግን ከቀኑ ጋር ያድጋል። ይህን ልዩነት «አንድ ነው» ብሎ መዝፈን የአያትን ሃይማኖት መርገጥ ነው፣ የሂሳብ ስህተትም ነው። ልጁ መስመሩን እዚያው ሰረዘው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሰው ሁሉንም ወለድ «አራጣ» ይለዋል። በግለሰቦች መካከል ህጉ የሚፈቅደው ወለድ በዓመት እስከ 12 በመቶ ነው። ከ500 ብር በላይ ብድር ደግሞ ከካዱት በምስክር ብቻ አይረታም፣ ጽሑፍ ይፈልጋል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በአንድ ቤት ግጥም ይገባሉ። ማንም አላስገባቸውም።

ለምን ይህን ያህል ታከራለህ፣ ዘፈን ነው እኮ ትሉኝ ይሆናል። እኛ ህግና ግጥም ሲለያዩ ያየን ሕዝብ አይደለንም። አባቶቻችን ችሎት ላይ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ነው የተሟገቱት። ከሳሽ በግጥም ያጠቃል፣ ተከሳሽ በግጥም ይመልሳል፣ ዳኛውም ሕዝቡም ያዳምጣል። ቃል የሳተ ሙግቱን ይስታል። እንደ ራፕ ባትል ነው፣ ልዩነቱ ውርርዱ መሬትና ከብት መሆኑ ነው። ከዚያ ዘመን የቀረልን ሌላ ቃልም አለ፤ ቁራኛ። ባለዕዳና ባለገንዘብ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ በልብስ ጫፍ ይታሰሩ ነበር። ዛሬ «በዓይነ ቁራኛ» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው።

ይህን ስነግረው ልጁ ብድግ አለ። «ቆይ፣ በነጠላ ነው የሚታሰሩት?» አለኝ። በነጠላ ጫፍ፣ በኩታ ጫፍ፣ ያገኙት ላይ አልኩት። «እና ያንተ ወረቀት ላይ ያለው ‹በአንድነትና በነጠላ› . . .» አለና ዝም አለ። ከዚያ ስልኩ ላይ መጻፍ ጀመረ። በረካው ሲቀዳ ጨርሶ አነበበው፤

«ጥንት በነጠላ ጫፍ ታሰረ ባለዕዳ፣
ዛሬም ‹በነጠላ› ዋሱ ያያል ፍዳ።
ምስክር ያየውን ተናግሮ ይሄዳል፣
ዋስ የፈረመ ለት ዕዳው ቤቱ ይወርዳል።»

አስራ ሦስት ዓመት ያንን ሐረግ ጮክ ብዬ አንብቤአለሁ። ነጠላዋን አላየኋትም ነበር። ሰሙ ልብሱ፣ ወርቁ ኃላፊነቱ። የሃያ ዓመት ልጅ በአንድ ስኒ ቡና ያገኘው ነው።

ያኔ ነው የአባቴን ነገር የነገርኩት።

አባቴ ተሁለደሬ ውስጥ ገበሬ ነው፣ ከሐይቅ ከፍ ብሎ። በ1993 ዓ.ም. እኔ ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ አንድ ጓደኛው ከአንድ ነጋዴ የእህል ወፍጮ በዱቤ ወሰደ። አባቴ ዋስ ሆነ። ጓደኛው ሁለት ጊዜ ከፈለና አገር ጥሎ ሄደ። አባቴ መጀመሪያ አንድ በሬ ሸጠ። ቀጥሎ ሁለተኛውን። በሬ የሌለው ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ወሎ ውስጥ ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሦስት ዓመት መሬታችን በእኩል ታረሰ። እህቴ ትምህርት አቋርጣ ኮምቦልቻ ሥራ ገባች። ዕዳው ሲያልቅ ወረቀቱ ተመለሰለት። አራት ላይ አጥፎ ከመሬት ይዞታ ደብተሩ ጋር በላስቲክ ጠቅልሎ አስቀመጠው።

ባንክ ከገባሁ በኋላ ስለ ዋስትና ሥልጠና ወሰድኩ። ለበዓል አገር ቤት ስሄድ ያንን ወረቀት ከላስቲኩ አውጥቼ አነበብኩት። የመስመር ወረቀት ነው፣ በሰማያዊ ቢክ የተጻፈ። ጣት አሻራ አለበት፣ ሦስት ምስክሮች አሉበት። ከአሻራው በላይ እንዲህ ይላል፤ «እሱ ያልከፈለውን ሁሉ እኔ እከፍላለሁ»። ሁሉ። የብር ቁጥር የለም። ወረቀቱን ገለበጥኩት፣ ጀርባውም ባዶ ነው።

የፍትሐ ብሔር ህጉ አንቀጽ 1922 ዋስ የሚከፍለው ከፍተኛ መጠን በውሉ ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው ዋጋ የለውም ይላል። አንድ ጠበቃ፣ አንድ የቀበሌ ጸሐፊ፣ አንድ ይህን የሚያውቅ ሰው በሰፈሩ ቢኖር ኖሮ አባቴ በሬዎቹን ባልሸጠ። ለአባቴ አልነገርኩትም። ምን ብዬ? «በከንቱ ነው የከፈልከው» ልበለው? አጥፌ መልሼ አስቀመጥኩት። እህቴ ራሷ ይህን የሰማችው ያን ቅዳሜ ነው። ረከቦቱን ይዛ ጓዳ ገባችና ቆየች።

ልጁ ምንም አላለም። ማታ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ደሴ እየወጣሁ ሳለ መልእክት ላከልኝ። ሁለት መስመር ብቻ፤

«ሁሉን እከፍላለሁ ብሎ የፈረመ፣
ቁጥር ካልተጻፈ ውሉ መቼ ቆመ?»

ሚኒባሱ ውስጥ ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ስህተት ፈለግኩበት፣ አጣሁ። ህጉ በአንድ አንቀጽ ያለው ነው፣ ምንም አልተጨመረም፣ ምንም አልጎደለም።

ባለፈው ወር ሦስታችን አገር ቤት ሄድን። ልጁ አያቱን «አባባ፣ አንድ ነገር ይስሙኝ» አላቸው። ቢቱን ዝቅ አድርጎ ከፈተ። አባቴ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ አዳመጠ። ነጠላዋ ላይ ሲደርስ ፈገግ አለ፣ ቅኔ ይወዳል። የመጨረሻው ሁለት መስመር ላይ ፈገግታው ቆመ። ወደ ልጁ ሳይሆን ወደ እኔ ዞረ።

«መቼ ነው ያወቅከው?» አለኝ።

«አስር ዓመት ሆነኝ፣ አባባ።»

ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ወደ ልጅ ልጁ ዞረና «አብሽር፣ ድገመው። ቀስ ብለህ» አለው። ልጁ ቢቱን ዘጋና ያለ ሙዚቃ ደገመለት።